የካፋ መንገደኛ ጓዝ

ፎቶ ማንሳት የሚወዱ ወጣቶች ተሰባስበው ወደ ቦንጋ ሊወርዱ ሲያስቡ፣ ከመንገዱ ይልቅ የሚያከራክራቸው ጓዙ ነው። መንገዱ የታወቀ ነው። ከአዲስ አበባ ጅማ፣ ከጅማ ጎጀብን ተሻግሮ ካፋ፤ በጠቅላላው 460 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ይኼ ማንንም አያጣላም። የሚያጣላው ሻንጣው ነው። አንዱ «ረጅሙን ሌንስ ካልያዝን ምኑን ሄድነው?» ይላል። ሌላው «ጫካ ውስጥ ማን ይሸከምልሃል?» ይለዋል። ሦስተኛው ድሮን ካልተያዘ ሞቼ እገኛለሁ ባይ ነው። ትራይፖድ ግን ብዙ ጊዜ ጠበቃ የለውም። ይከብዳል፣ ያዘገያል፣ ከመኪናው ኮርኒስ ጋር ይጋጫል። ስለዚህ መጀመሪያ ከሻንጣ የሚወጣው እሱ ነው።

ነገሩ የልጆች ጭቅጭቅ ይመስላል። ግን አይደለም። ዛሬ ስለ ካፋ የምናውቀውና የማናውቀው ነገር ብዙው የተወሰነው መንገደኞቹ እዚያ ከደረሱ በኋላ አይደለም። ገና ከቤታቸው ሳይነሱ፣ ጓዛቸውን ሲሸክፉ ነው። ምን ጫኑ? ምን ጥለው ሄዱ? በቅሎዋ ምን ቻለች? ታሪካችን እዚያች ላይ ተንጠልጥሏል ብል አላጋነንኩም። እስቲ መንገደኞቹን በተራ በተራ እንያቸው። (ዓመቶቹን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፋቸው፤ በእኛው ሲሆን እናገራለሁ።)

በ1843 አንትዋን ዳባዲ የሚባል ፈረንሳዊ ቦንጋ ገባ። አገባቡ ራሱን የቻለ ወግ ነው። ያኔ ካፋ የራሷ ንጉሥ፣ የራሷ ሕግና የራሷ በር ጠባቂ ያላት አገር ነበረች። ድንበሯ በጥልቅ ቦይና በአጥር የተከበረ ስለሆነ እንግዳ እንደፈለገ አይገባም፤ የገባም እንደፈለገ አይወጣም። የሊሙ እናርያው ንጉሥ አባ ባጊቦ ከካፋ ቤተ መንግሥት ሙሽራ ለማምጣት አጃቢ ሲልክ፣ ዳባዲ ከሰርገኞቹ ጋር ተቀላቅሎ ሄደ። ቦንጋ የቆየውም 11 ቀን ብቻ ነው። ሙሽራዋ ስትነሳ አብሮ ተነሳ።

ፎቶግራፍ ማንሳት በፓሪስ ለሕዝብ ከተገለጸ ያኔ ገና 4 ዓመቱ ነው። በብር በተለበጠ የመዳብ ሰሌዳ ላይ፣ በሜርኩሪ ጢስ እየታጠነ የሚወጣ፣ አንድ ብቻ የሆነና የማይባዛ ምስል ነበር። ዳባዲ የታመነው ግን በሌላ መሣሪያ ነው፤ በማዕዘን መለኪያ። ኮረብታ ላይ ይወጣል፣ መሣሪያውን ይተክላል፣ የወዲያኛውን ተራራ በስንት ማዕዘን እንዳየው በደብተሩ ይጽፋል። ይወርድና ሌላ ኮረብታ ላይ ደግሞ እንዲሁ ያደርጋል። ወደ አገሩ ተመልሶ ያን ሁሉ ቁጥር በትልልቅ መጻሕፍት አሳተመው። እና የካፋ ተራራ ምን እንደሚመስል ከዳባዲ ቁጥር ማየት አይቻልም። ጫካው የት ጀምሮ የት ያበቃ ነበር ብንል ቁጥሩ መልስ የለውም። አንድ ነገር ግን አለው፤ ሰውዬው የት ቆሞ እንዳየ ተጽፏል። ይህችን ነገር ያዙልኝ፤ በኋላ እመለስባታለሁ።

ካሜራ ወደ አገራችን በሰፊው የገባው በሰሜን በኩል ከጦር ጋር ነው። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ሲዘምት ከመሐንዲሶቹ ጋር ፎቶ አንሺዎች አብረው መጡ። የዚያን ዘመን ፎቶ አንሺ ጓዝ ብታዩት የዛሬው ሻንጣ ያስቃችኋል። ፎቶው የሚነሳው በመስታወት ላይ ነው። መስታወቱ ኮሎዲዮን በሚባል ተጣባቂ ፈሳሽ ይቀባል፤ ከዚያ የብር ውሕድ ባለበት ውኃ ይነከራል፤ ከዚያም እርጥብ እንዳለ ካሜራው ውስጥ ይገባል። ሳይደርቅ መነሳት፣ ሳይደርቅ መታጠብ አለበት። ሩብ ሰዓት እንኳ አይታገሥም። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ካሜራውን ብቻ ይዞ ሊዞር አይችልም። ጨለማ ድንኳኑን፣ ጠርሙሶቹን፣ ሚዛኑን፣ መስታወቱን፣ ውኃውን ሁሉ ተራራ ለተራራ አስጭኖ ይሄዳል። የፎቶ ቤቱ ሠራተኛ ፎቶ ቤቱን ተሸክሞ ይዞራል ማለት ነው።

መቼም እንዲህ ያለ ጣጣ ያለበት ሰው ዝም ብሎ ቀጭ ቀጭ አያደርግም። ቦታ ይመርጣል። ካሜራውን በሦስት እግሩ ላይ ይተክላል። ሙሉውን ሸለቆ ከፊቱ አድርጎ አንዴ ያነሳል። ክብደቱ አስገድዶት ረጋ አለ፤ የረጋውም ሥራ ቆየ። ከ140 ዓመት በኋላ ምን እንደጠቀመ ወደ ታች እናየዋለን።

ከዚያ 15 ዓመት አለፈና ደግሞ የቡና ነጋዴ ካሜራ ይዞ መጣ። በወጣትነቱ ገጣሚ የነበረው፣ በኋላ ግጥሙን ትቶ በሐረር የቡናና የቆዳ ንግድ ውስጥ የገባው ፈረንሳዊው አርተር ራምቦ ነው። ስለ አካባቢው ካርታና ፎቶ ያለበት መጽሐፍ ላዘጋጅ ብሎ ካሜራውን ከሊዮን አስመጣ። ከነኬሚካሉ ብዙ ገንዘብ ያወጣበት ዕቃ ነው። በ1883 ሐረር ላይ ራሱን አነሳና ለእናቱና ለእህቱ ላከ። ምስሎቹ ነጣ ያሉ፣ የፈዘዙ ናቸው። ምክንያቱን ራሱ ለቤተሰቡ ጽፎላቸዋል፤ ያጠበበት ውኃ መጥፎ ሆኖ ነው። ሁለት ዓመት ሳይቆይ ካሜራውን ሸጠው፤ የታሰበው መጽሐፍም ቀረ።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። ሰውዬው ሌንሱን ያስመጣው ከፈረንሳይ ነው። ኬሚካሉም እንዲሁ። የጎደለው ንጹሕ ውኃ ነበር። ጓዝ ስትሸክፍ ገንዘብህ የሚያተኩረው ውዱ ዕቃ ላይ ነው፤ ጉዞውን የሚያበላሸው ግን ብዙ ጊዜ ርካሹ ነው። ይኼ በ1883 እውነት ነበር፤ ዛሬም ባትሪ መሙያውን ቤት ረስቶ ለሄደ ሰው እውነት ነው።

ወደ ካፋ እንመለስ። የዐፄ ምኒልክ ጦር በራስ ወልደ ጊዮርጊስ መሪነት፣ ከሌሎች መኳንንትና ከጅማው አባ ጅፋር ሠራዊት ጋር ሆኖ ካፋ ላይ ዘመተ። የመጨረሻው የካፋ ንጉሥ ጋኪ ሸሮቾ ለወራት ከጫካ ጫካ እየተዘዋወረ ከተዋጋ በኋላ በመስከረም ወር 1897 ተያዘ። በእኛው 1890 ዓ.ም. እንደ ጠባ ማለት ነው። ወደ አዲስ አበባ ተወሰደ፤ አገሩንም ሳያይ በ1919 አረፈ።

ንጉሡ ከተያዘ ጥቂት ወራት ቆይቶ አሌክሳንደር ቡላቶቪች የሚባል የሩሲያ መኮንን ራስ ወልደ ጊዮርጊስ ወደ ሩዶልፍ ሐይቅ (ዛሬ ቱርካና የምንለው) ሲዘምቱ አብሮ ሊሄድ በዚያ በኩል አለፈ። ካሜራ ይዞ ነበር። በ1900 የታተመው መጽሐፉም ራሱ ባነሳቸው ፎቶግራፎች የታጀበ ነው። ከተማዋ አንደራቻ አካባቢ ሲደርስ ያየውን ጽፏል። የተቃጠለ ከተማ፣ ሰው የራቀው መንገድ፣ በየሜዳው ላይ ያለ ቀባሪ የቀረ የሰው አጥንት። ከጦሩ ጋር የተጓዘ፣ ዘማቾቹንም የሚያደንቅ ሰው ነው ይህን የጻፈው።

አያችሁ፣ ካሜራ ወደ ካፋ የደረሰው አገሩ ከወደቀ በኋላ ነው። ዳባዲ በሰርግ አጃቢነት የገባባት ቦንጋ፣ በአንደራቻ የነበረው ትልቅ የንጉሥ ቤት፣ ሰው የሚተራመስበት ገበያ፤ እነዚህን ከሰው ትረካና ከመንገደኛ ጽሑፍ ነው የምናውቃቸው። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ? ለካፋ ደግሞ በቃል የነበረውም ከነተናጋሪው ነው የሞተው።

የቀረውን ልሰብስብ ብሎ የተነሳው ሌላ ሰው ነው፤ የቪየናው ፍሪድሪክ ዩልዩስ ቢበር። በ1905 የኦስትሪያ ሃንጋሪ መልእክተኞች ከዐፄ ምኒልክ ጋር ውል ሊዋዋሉ አዲስ አበባ ሲመጡ አብሮ መጣና ከዚያ ወደ ካፋ ወረደ። በ1909 ደግሞ ተመለሰ። የጋኪ ሸሮቾን ዘመን ያዩ ሰዎች ያኔ በሕይወት ነበሩ። ጠየቃቸው፣ ጻፈ፣ ፎቶ አነሳ፣ ዕቃ ሰበሰበ። መጽሐፉ በሁለት ወፍራም ቅጽ በ1920 እና በ1923 ወጣ። እሱም በ1924 ሞተ።

የዚያን ዘመን መንገደኛ ምርጫ ምን እንደነበር ለመረዳት ትንሽ ሒሳብ እንሥራ። በ1905 እርጥቡ መስታወት ቀርቶ በፋብሪካ የተዘጋጀ ደረቅ መስታወት ገበያ ላይ ከዋለ 25 ዓመት ሆኖታል። ድንኳኑ ቀረ ማለት ነው፤ ክብደቱ ግን አልቀረም። 13 በ18 ሴንቲ ሜትር የሆነ አንድ መስታወት 90 ግራም ያህል ይመዝናል። መቶ መስታወት ብትይዝ 9 ኪሎ ነው፤ ሳጥኑንና የሚታሸግበትን ሳይጨምር። አንዲት በቅሎ በካፋ ጭቃ ውስጥ የምትሸከመው ደግሞ የታወቀ ነው። መስታወት በጨመርክ ቁጥር ዱቄት ትቀንሳለህ፤ መድኃኒት ትቀንሳለህ፤ ለየባላባቱ የምትሰጠውን ገጸ በረከት ትቀንሳለህ። ሮል ፊልም ቀላል ነው፤ ነገር ግን ምስሉ ትንሽ ነው። ሁለቱም ቢሆኑ የካፋን እርጥበት አይወዱም። መስታወቱን የሸፈነው ጄላቲን እርጥበት ሲያገኘው ያብጣል፣ ይላላል፣ ይሻግታል። የተነሳው ምስል ሳይታጠብ ብዙ ከቆየ ይደክማል። ማታ በድንኳን ውስጥ ላጥበው ካልክ ደግሞ የራምቦ ውኃ ይጠብቅሃል።

እና መቶ መስታወት ያለው ሰው ምኑን ያነሳበታል? ሰውን? ቤትን? የንጉሥን መቃብር? ወይስ ጫካውን? ጫካው ያኔ የትም አለ፤ አልቅ ብሎ አያስፈራም። ማንም መንገደኛ ቶሎ የሚጠፋውን ያስቀድማል። ስለዚህ የዚያ ዘመን ምስሎች ውስጥ ጫካው የሚመጣው ከሰውና ከቤት ጀርባ፣ እንደ መጋረጃ ሆኖ ነው። ቶሎ የሚጠፋው ጫካው ራሱ እንደሚሆን ማን ያውቅ ነበር?

የቢበር ፎቶዎችና ዕቃዎች ዛሬ የሚገኙት ቪየና ነው፤ በቤተ መጻሕፍትና በሙዚየም። ዘጠና ግራም የምትመዝን መስታወት ከቦንጋ ቪየና በበቅሎ፣ በባቡርና በመርከብ ሳትሰበር ደርሳለች። ወደ ቦንጋ መመለሻው መንገድ ነው የጠበበው።

«ታዲያ እኛስ?» የሚል አይጠፋም። ጥሩ ጥያቄ ነው። በእኛ ቤት ፎቶ ማለት ሰው ማለት ነው። የየቤቱን አልበም ግለጡ። ክርስትና፣ ሰርግ፣ ምርቃት፣ ከውጭ የመጣ ዘመድ፣ ፎቶ ቤት ገብተን ከተቀባ ፏፏቴ ፊት የቆምነው። እውነተኛው ፏፏቴ የታለ? የለም! ምክንያቱ ደግሞ ውበት አለማወቅ አይደለም፤ ሒሳብ ነው። አንድ ፊልም 36 ፎቶ ነው። ፊልሙ በገንዘብ፣ ማሳጠቡ በገንዘብ፣ ማሳተሙ በገንዘብ። ከ36ቱ አንዷን ባዶ ጋራ ላይ የሚያጠፋ ሰው «ሰው የሌለበት ፎቶ ምን ይሠራል?» ተብሎ ይሳቅበታል። በዚህ የተነሳ የአገራችን መልክዓ ምድር የቆየ ፎቶ ብዙው በውጭ ሰው እጅ የተነሳ፣ በውጭ አገር መሳቢያ ውስጥ ያለ ነው። የእኛው አልበም ውስጥ ያለው ጋራ ከሙሽራዋ ቬሎ በስተኋላ በአጋጣሚ የገባው ነው። (እሱም ቢሆን አይናቅም። አያታችሁ ቤት ያለውን አልበም ሰው ሰውን ብቻ ሳይሆን ጀርባ ጀርባውን ደግማችሁ እዩት።)

አሁን የመቅደላዎቹን ፎቶ አንሺዎች እንጥራቸው። በ2009 የታተመ አንድ ጥናት አለ። ቤልጂየማዊው የመልክዓ ምድር ተመራማሪ ያን ኒሰን እና ባልደረቦቹ የሠሩት ነው። በ1868 የእንግሊዝ መሐንዲሶች ትግራይ ውስጥ ያነሷቸውን የመሬት ፎቶዎች ያዙና እያንዳንዱ ፎቶ የተነሳበትን ቦታ በእግራቸው ፈለጉ። ተራራው ከተራራው ጋር የተደራረበበትን፣ ገደሉ የታየበትን አቅጣጫ እያመሳከሩ፣ የድሮው ካሜራ የቆመበት ላይ ቆመው ደግመው አነሱ። ከዚያ ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀመጡ።

ውጤቱ ብዙ ሰው ከሚያወራው የተለየ ሆነ። «ድሮ ሁሉም ደን ነበር፤ በእኛ ዘመን ነው ምድረ በዳ የሆነው» የሚለውን ወሬ ሁላችንም ሰምተነዋል። የ1868ቱ ምስል ግን ገና ያኔ የተራቆተ ተራራ ነው የሚያሳየው። በአዲሱ ፎቶ ላይ ባሕር ዛፉም ተጨምሮበት ዛፍ በዝቷል፤ እርከን ተሠርቷል፤ ብዙው ቦታ ከያኔው ይሻላል። ገበሬው ለዓመታት ድንጋይ ተሸክሞ የሠራው ሥራ ፍሬ እንዳለው በዓይን ታየ።

ይህን ማን አስቻለው? ውድ ሌንስ አይደለም። በ1868 ከባድ ካሜራ በሦስት እግሩ ቆሞ፣ ሰፊውን መሬት ከአድማስ እስከ አድማስ በማንሳቱና ቦታው ሊታወቅ በመቻሉ ነው። ዳባዲ በቁጥር ያደረገውን እነሱ በምስል አደረጉት፤ የት እንደቆሙ የሚያሳውቅ ነገር ትተው አለፉ። ለመሬት ፎቶ ነፍሱ ይኼ ነው። ሌላ ሰው መጥቶ እዚያው መቆም መቻል አለበት።

አሁን ወደ ቦንጋው ሻንጣ እንመለስ። በካፋ የሚደረገው የመሬት ፎቶ ከትግራዩ በተቃራኒ ነው። ትግራይ ላይ ያለፈውን እየፈለግን ነው። ካፋ ላይ ገና ያልጠፋውን እያነሳን ነው። የአረቢካ ቡና በዱር የሚበቅልበት ደን እዚህ ነው። ከቦንጋ ወደ ማንኪራ ብትሄዱ፣ ወደ ቦጊንዳ ብትወጡ፣ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና ከትልልቅ ዛፎች ሥር ታያላችሁ። በ2002 ዓ.ም. (በአውሮፓውያኑ 2010) ዩኔስኮ ካፋን በዓለም የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት መዝግቦታል። ተመዘገበ ማለት ግን ተጠበቀ ማለት ላይሆን ይችላል። የመጥረቢያው ድምፅ መዝገብ አያነብም።

እና ከሁሉ በፊት መታወቅ ያለበት ነገር፣ ካፋ ውስጥ አረንጓዴ ሁሉ ደን አይደለም። ከቦንጋ አጠገብ ያለውን የውሽውሽ ሻይ ልማት ያየ ሰው ያውቀዋል። እንደ ምንጣፍ የተዘረጋ፣ ዓይን የሚያረካ፣ ለፎቶ የተሠራ የሚመስል ነው። ሠራተኛ ያስተዳድራል፤ ሻይም እንጠጣለን። ነገር ግን ጫካ በነበረበት ምድር ላይ የተተከለ እርሻ ነው። ከጎኑ ባሕር ዛፍ አለ። ከዚያ ወዲያ እውነተኛው ደን አለ። በችኮላ በተነሳ ፎቶ ላይ ሦስቱም «ውብ አረንጓዴ» ናቸው። የምስሉ ባለቤት ካልለየው፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የሚያየው ሰው የሻዩን እርሻ «የድሮው የካፋ ደን» ብሎ ሊያዝንለት ይችላል።

እንግዲህ ምን ይጫን? እኔ ብጠየቅ እንዲህ እላለሁ።

ትራይፖዱ ይግባ። ከሻንጣው መጨረሻ የሚወጣው እሱ ይሁን። ካፋ ጫካ ውስጥ እኩለ ቀን ላይም ብርሃን ትንሽ ነው። ቅጠሉ ፀሐዩን ከላይ ይበላዋል። በእጅ ይዘህ ካነሳህ ወይ ይደበዝዛል ወይ ይጨልማል። ካሜራው ቆሞ ጊዜ ወስዶ ብርሃኑን መልቀም አለበት። ከሌንስ ደግሞ ሰፊ የሚያሳየው ይግባ፤ አንድ መካከለኛ ይጨመርለት። ረጅሙ ሌንስ ለወፍና ለጦጣ ጥሩ ነው፤ የመሬት ፎቶ ሊያነሳ ለሄደ ሰው ግን ሁለት ኪሎ ሸክም ነው። ፖላራይዘር የሚባለው ፊልተር ትንሽ ነው፤ ነገር ግን ከእርጥብ ቅጠል ላይ የሚያንጸባርቀውን ነጭ ብርሃን ይቀንሳል። እሱም ብርሃን ስለሚቀንስ ትራይፖዱን እንደገና ይፈልገዋል።

ለዝናቡ ደግሞ ስንቅ ያስፈልጋል። ካፋ ከዓመቱ አብዛኛውን ወራት ዝናብ የሚያገኝ አገር ነው፤ ትንሽ ፋታ የሚሰጠው ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ነው። የፕላስቲክ መሸፈኛ፣ ብዙ ደረቅ ጨርቅ፣ ጃንጥላ፣ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ የምናገኛት እርጥበት የምትስብ ከረጢት፤ እነዚህ ናቸው የዛሬዎቹ «ንጹሕ ውኃ»። ዋጋቸው ትንሽ ነው። ያለ እነሱ ግን ውዱ ሌንስ ውስጡ ይሻግታል። መብራት ቢጠፋስ ብሎ ተጨማሪ ባትሪ መያዝም እንዲሁ ነው። ድሮን የሚያምራችሁ፣ ያለ መንግሥት ፈቃድ የሚሆን ነገር አይደለምና ፈቃዱን ቀድማችሁ ጨርሱ። ካልሆነ ኮረብታ ላይ መውጣት ማንም አልከለከለም፤ ዳባዲም የወጣው በእግሩ ነው።

መጨረሻ የሚገባው፣ ግን መቅረት የሌለበት፣ ደብተር ነው። ዛሬ ካሜራው ቀኑንና ሰዓቱን፣ የሌንሱንም ዓይነት በራሱ ይመዘግባል። ከመነሳታችሁ በፊት ሰዓቱና ቀኑ ትክክል መሆኑን ብቻ እዩ። ቦታውን ግን እናንተ ካልነገራችሁት ብዙው ካሜራ አያውቀውም። የቀበሌው ስም ማን ይባላል? የቆማችሁበት ድንጋይ የት ነው? ስልካችሁ ላይ የሚወጣው የቦታ ቁጥር ስንት ነው? ፊታችሁን ወደ የት አዙራችኋል? የሚታየው የዱር ደን ነው፣ ሰው የሚመነጥረው የቡና ጫካ ነው፣ ሻይ ነው? አምስት መስመር ይበቃል። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ በአንድ ቀን ሺህ ፎቶ አንስቶ የትኛው የት እንደሆነ ከማያውቅ ሰው፣ አሥር አንስቶ አሥሩንም የጻፈ ይሻላል።

መለያ ያጣ ነገር ምን እንደሚሆን ከካፋ በላይ የሚያውቅ የለም። ቡናውን እዩት። በእነዚህ ጫካዎች በዱር የሚበቅለው ተክል በሳይንስ ስሙ «አረቢካ» ይባላል። አውሮፓውያን ያገኙት በየመን በኩል ነበር። ስም አውጪው ሊኔየስም በ1753 አገሩ ዓረቢያ ነው ብሎ ጻፈው። ዕቃው ሲጫን የመጣበት አገር አብሮት አልተጻፈምና፣ ያራገፈበት አገር ስሙን ወሰደ። ይኸው እስካሁን «አረቢካ» ነው። ከቦንጋ የተነሳ ፎቶም ቦታው ካልተጻፈለት ነገ የማን እንደሚባል አይታወቅም።

አንድ ሌላ የሚጻፍ ነገር አለ፤ የሰው ስም። የድሮዎቹ ፎቶዎች ግርጌ ላይ የምናነበው «አገልጋይ»፣ «ተሸካሚ»፣ «የካፋ ሰው» ነው። መስታወቱን ሳይሰብር ጎጀብን ያሻገረው ሰው ስም ብዙ ጊዜ የለም። ያለ እሱ ግን ፎቶው ራሱ አይኖርም ነበር። ዛሬም ጫካውን የሚያውቀው፣ የቱ ዛፍ የቱ እንደሆነ የሚነግራችሁ፣ ትራይፖዱን ሲያዳልጣችሁ የሚቀበላችሁ የአገሩ ልጅ አለ። ፈቃዱን ጠይቁና ስሙን ጻፉ። የተራራውንም ስም እሱ እንደሚጠራው ጻፉት።

ስትመለሱ ደግሞ ቅጂውን ከነማስታወሻው ለቦንጋ አስቀሩላት። ትምህርት ቤት አለ፣ ዩኒቨርሲቲ አለ፣ ስለ ቡና የተሠራ ሙዚየምም አለ። የቢበር መስታወት ቪየና ለመቅረቱ ምክንያት ነበረው፤ የካፋ ሰው ቅጂ የሚያስቀርበት ቤትም፣ የሚጠይቅበት አቅምም አልነበረውም። ፎቶ በአንድ ደቂቃ በሚባዛበት ዘመን ግን እኛ ምን ምክንያት አለን?

ብዙ ይጠይቃል እንዴ? ትራይፖድ፣ ጨርቅ፣ እስክሪብቶና ደብተር። በ1868 አንድ ሸለቆ ለማንሳት የበቅሎ ጓዝ ሙሉ ድንኳንና ጠርሙስ ይፈጅ ነበር። ዛሬ ያን ሁሉ የሚተካው ጀርባ ላይ የሚንጠለጠል ነው። የካፋ ደን እየበዛ ይሁን እያነሰ፣ ወሬውን ሰምቶ ሳይሆን ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን አስቀምጦ መናገር የሚችል ሰው ነገ ያስፈልጋል። ያ ሰው የሚጠቀምበት የመጀመሪያው ፎቶ ግን ነገ ሊነሳ አይችልም። መነሳት ያለበት ዛሬ ነው።